ደምን ገታ አድርጎ እግርን ማጠንከር

የደም ዝውውርን ገታ አድርጎ የሚሠራ እንቅስቃሴ፣ የጭን ላይኛው ጫፍ በአየር በሚነፋ ሰፊ ማሰሪያ ታስሮ ቀላል ክብደት በመግፋትና በማንሣት የሚከናወን የጡንቻ ማጠንከሪያ ዘዴ ነው። ማሰሪያው ሐኪም ቤት የደም ግፊት ሲለካ ክንድ ላይ የሚጠመጠመው ዓይነት ነው፤ ለጭን እንዲበቃ ሰፋና ረዘም ይላል፣ ሥራው እስኪያልቅም እንደተነፋ ይቆያል። በአግባቡ ሲነፋ ከልብ ወደ እግር የሚወርደውን ደም ይቀንሰዋል እንጂ አያቆመውም። ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ግን አብዛኛውን ያግተዋል። ለክንድም ያገለግላል፤ ይበልጥ የሚፈለገው ግን ለእግር፣ በተለይም ሰውን ከወንበር ለሚያስነሣውና ደረጃ ለሚያስወጣው ለፊተኛው የጭን ጡንቻ ነው።

የዘዴው ቁም ነገር ያለው ክብደቱ ላይ ነው። ጡንቻውን ማፋፋትና ማጠንከር የሚፈልግ ሰው ከበድ ያለ ነገር ማንሣት አለበት የሚለው ምክር የቆየ ነው። የአሜሪካ የስፖርት ሕክምና ኮሌጅ ለጀማሪዎች የሚመክረው፣ አንድ ሰው አንዴ ብቻ ሊያነሣ ከሚችለው ትልቁ ክብደት ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነውን ነው። አንዴ ብቻ 50 ኪሎ መግፋት የሚችል እግር ከ30 እስከ 35 ኪሎ ይዞ መለማመድ አለበት ማለት ነው። ደም ተገትቶ ሲሠራ ግን ከ20 እስከ 40 በመቶው ይበቃል፤ ለዚያው እግር ከ10 እስከ 20 ኪሎ መሆኑ ነው።

ለጤነኛ ወጣት ይህ ልዩነት ያን ያህል ላያሳስብ ይችላል። ጠንካራ እግር አጥብቀው የሚፈልጉት ሰዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከባድ ክብደት የማይችሉት ናቸው፦ ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና የተደረገለት፣ የጉልበቱ ልም አጥንት የሳሳበት፣ ዕድሜ የተጫነው። ከባዱ ክብደት ገና ያልጠገገውን ጅማት ሊጎዳ፣ የታመመውን መገጣጠሚያ ሊያስቆጣ ይችላል። ዝም ብሎ ማረፍም ቢሆን ጉዳት አለው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ጤነኛ አረጋውያንን ለ10 ቀናት አልጋ ላይ አቆይቶ ነበር፤ በነዚያ ቀናት ብቻ ከእግራቸው ሥጋ በአማካይ 1 ኪሎ የሚጠጋ ጠፍቷል። እግሩ የሳሳ ሰው ይወድቃል፤ መውደቅን የፈራ ቤት ይውላል፤ ቤት የዋለ እግሩ ጭራሽ ይሳሳል። ከዚህ አዙሪት ለመውጣት ክብደት ያስፈልጋል፣ ክብደቱን ደግሞ እግሩ አይችለውም። ዘዴው የገባው እዚህ መሐል ነው።

ማሰሪያው ቀላሉን ክብደት ለጡንቻው ከባድ የሚያደርግበትን ምክንያት ለመረዳት ጡንቻ እንዴት እንደሚታዘዝ ማየት ይጠቅማል። አንድ ጡንቻ በብዙ የክር ቡድኖች የተከፋፈለ ሲሆን እያንዳንዱን ቡድን የሚያዘው የራሱ ነርቭ ነው። ትንንሾቹ ቡድኖች ኃይላቸው አነስተኛ ቢሆንም ቶሎ አይደክሙም፤ ትልልቆቹ ብርቱ ናቸው፣ ግን ቶሎ ይዝላሉ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ኤልዉድ ሄነማን እንዳሳየው ሰውነት እነዚህን ቡድኖች የሚጠራው በቅደም ተከተል ነው። ትንንሾቹ ይቀድማሉ፤ ትልልቆቹ የሚሰለፉት ሥራው ሲከብድ ወይም የቀደሙት ሲደክሙ ነው። በእርጅና ይበልጥ የሚከሱት እነዚሁ ትልልቆቹና ፈጣኖቹ ክሮች ሆነው ሳለ፣ ቀላል እንቅስቃሴ ብዙም ሳይነካቸው ያልፋል።

ደም ሲገታ ይህ ይለወጣል። ለጡንቻው የሚደርሰው ኦክስጅን ያንሳል፤ በኦክስጅን የሚሠሩት ትንንሾቹ ክሮች ከወትሮው ቀድመው ይደክማሉ፤ ክብደቱ ቀላል ቢሆንም ትልልቆቹ ክሮች ተጠርተው ይገባሉ። እውነቱን ለመናገር፣ ቀላል ክብደትን ያለ ምንም ማሰሪያ እግር አልታዘዝ እስኪል ድረስ ደጋግሞ ማንሣትም ጡንቻን ያፋፋል። ነገር ግን እዚያ ለመድረስ እጅግ ብዙ ድግግሞሽ ይጠይቃል፤ የታመመ ጉልበት ደግሞ ያን ሁሉ መታጠፍና መዘርጋት አይወደውም። ማሰሪያው መንገዱን ያሳጥረዋል።

ከዚህ ሌላ በታሰረው እግር ውስጥ የሚጠራቀም ነገር አለ። ጡንቻ ሲሠራ የሚወጡት ላክቴት፣ አሲድና ፎስፌት በደም ታጥበው መሄድ ሲገባቸው ባሉበት ይቆያሉ። ሠሪው የሚሰማው ማቃጠል በከፊል የዚህ ውጤት ነው። የታገተው ደም ፈሳሽ ወደ ጡንቻው ሴሎች ስለሚገፋ ሴሎቹ ያብጣሉ፤ ይህ እብጠት ራሱ ለግንባታ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ብዙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ። በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ክፍል የተሠራና በ2007 የታተመ ጥናት፣ ወጣት ወንዶች ከአቅማቸው 20 በመቶ ብቻ በሆነ ክብደት፣ ደማቸው ተገትቶ እግራቸውን ካንቀሳቀሱ በኋላ ጡንቻቸው አዲስ ፕሮቲን የሚሠራበት ፍጥነት በ46 በመቶ ከፍ ማለቱን ለክቷል። ያለ ማሰሪያ በተመሳሳይ ክብደት ሲሠሩ ግን ጭማሪ አልታየም። ቀደም ባሉት ዓመታት ብዙ የተወራለት የዕድገት ሆርሞን ነበር፤ በ2000 የታተመ አንድ የጃፓን ጥናት ሆርሞኑ ከእንቅስቃሴው በኋላ 290 ጊዜ ያህል መጨመሩን ዘግቦ ነበር። ቁጥሩ ያስደንቃል፤ ሆኖም ለአጭር ጊዜ ከፍ ብሎ የሚወርድ ሆርሞን ጡንቻን በማፋፋት ረገድ ያለው ድርሻ ትንሽ መሆኑን በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ስላሳዩ፣ ዛሬ ይህን ቁጥር የሚጠቅሱት በአብዛኛው ማሰሪያ ሻጮች ናቸው።

የዘዴው ታሪክ የሚጀምረው ጃፓን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ዮሺያኪ ሳቶ የተባለ የ18 ዓመት ወጣት በአንድ የቡድሃ እምነት የመታሰቢያ ሥርዓት ላይ እንደ አገሩ ወግ ተንበርክኮ፣ እግሮቹን ከሥሩ አጥፎ ለረጅም ሰዓት ተቀመጠ። እግሮቹ ደነዘዙ፤ ባቶቹን ሲያሻሻቸው ግን የተሰማው መወጠር ስፖርት ሠርቶ ሲጨርስ ከሚሰማው ጋር አንድ ሆነበት። የደሙ መታገት ይሆናል ብሎ ጠረጠረና በብስክሌት ከመነዳሪ፣ በገመድና በልዩ ልዩ ማሰሪያዎች ራሱ ላይ መሞከር ጀመረ። ሙከራው ያለ አደጋ አላለፈም፤ ራሱ ሳቶ እንደተረከው አንድ ጊዜ ከመጠን በላይ አጥብቆ በማሰሩ የረጋ ደም ወደ ሳንባው ሄዶ ሆስፒታል ገብቷል። በ1973 በበረዶ መንሸራተት ላይ ቁርጭምጭሚቱ ተሰብሮና ጉልበቱ ተጎድቶ ጀሶ ሲደረግለት ግን ጭኑን በየቀኑ እያሰረና እየፈታ ጡንቻውን ባለበት አጸና፤ እግሩ ይከሳል ብለው የጠበቁት ሐኪሞች ሳይከሳ አገኙት። ካትሱ ብሎ የሰየመውን ዘዴ ከ1983 ጀምሮ ለሕዝብ ማስተማር ጀመረ። ነገሩ ከጂም ወጥቶ ወደ ቤተ ሙከራ የገባው በ1990ዎቹ፣ በቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ናኦካታ ኢሺይና ባልደረቦቻቸው ሲመረምሩት ነው።

ከዚያ የተከተሉት የጃፓን ጥናቶች ሁለት ያልተጠበቁ ነገሮችን አሳዩ። የመጀመሪያው፣ ክብደት ጭራሽ የማያስፈልግበት ጊዜ መኖሩ ነው። በ2006 ታካሺ አቤና ባልደረቦቹ ወጣት ወንዶችን ጭናቸውን አስረው በመሮጫ ማሽን ላይ በደቂቃ 50 ሜትር፣ ማለትም በሰዓት 3 ኪሎ ሜትር እንዲራመዱ አደረጉ፤ ገበያ የወጣ ሰው ከሚሄድበትም ያዘገመ ፍጥነት ነው። ሁለት ሁለት ደቂቃ አምስት ጊዜ፣ በቀን ሁለቴ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ተራመዱ። በሦስት ሳምንት ውስጥ የጭናቸው ጡንቻ ከ4 እስከ 7 በመቶ ፋፋ፤ ጥንካሬውም ከ8 እስከ 10 በመቶ ጨመረ። ሳይታሰሩ በተመሳሳይ ፍጥነት በተራመዱት ላይ ለውጥ አልታየም። መራመድ ብቻውን የወጣትን ጡንቻ አያፋፋም ተብሎ ስለሚታወቅ ውጤቱ ብዙዎችን አነጋግሯል።

ሁለተኛው፣ እንቅስቃሴም ባይኖር ማሰሪያው ብቻውን የሚሰጠው ነገር መኖሩ ነው። ዩዳይ ታካራዳና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት ጥናት፣ የጉልበት ጅማታቸው በቀዶ ሕክምና የተጠገነላቸው ሰዎች ከቀዶ ሕክምናው ሦስተኛ ቀን እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ድረስ ጭናቸው ለአምስት ደቂቃ እየታሰረ ለሦስት ደቂቃ እየተፈታ፣ ይህም አምስት ጊዜ እየተደገመ በቀን ሁለቴ ተደረገላቸው። በነዚህ ሰዎች የፊተኛው ጭን ጡንቻ 9 በመቶ ያህል ከሳ፤ ባልታሰሩት ግን 21 በመቶ ያህል። መክሳቱን ፈጽሞ አላስቀረውም፤ ከግማሽ በታች ግን አወረደው። እግሩን ማንቀሳቀስ ላልተፈቀደለት በሽተኛ ይህ ትንሽ ትርፍ አይደለም።

ዘዴው ወደ ምዕራቡ ዓለም የሕክምና ተቋማት የገባበት አንዱ በር የጦር ሠራዊት ሕክምና ነው። በሳን አንቶኒዮ፣ ቴክሳስ በሚገኘው ሴንተር ፎር ዘ ኢንትሬፒድ፣ ኢራቅና አፍጋኒስታን ላይ እግራቸው በፈንጂ ተጎድቶ ሳይቆረጥ የዳነላቸው ወታደሮች ያገግሙ ነበር። አጥንታቸው በብረት የተያያዘ፣ ጡንቻቸው የተጎማመደ በመሆኑ ከባድ ክብደት የሚታሰብ አልነበረም። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያው ጆኒ ኦውንስ ዘዴውን እዚያ ሥራ ላይ አውሎ በኋላ ለሌሎች ባለሙያዎች አስተምሯል።

ከወታደሩ ቀጥሎ ተጠቃሚ የሆነው ኳስ ተጫዋቹ ነው ማለት ይቻላል። የጉልበት ፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠስ በስፖርቱ ዓለም በጣም ከሚፈሩት ጉዳቶች አንዱ ሲሆን፣ ከጥገናው በኋላ የጭን ጡንቻ ሳይመለስ ለዓመታት ሊቆይ ይችላል። በእንግሊዝ የመንግሥት ጤና አገልግሎት ታካሚዎች ላይ የተሠራና በ2019 የታተመ የሉክ ሂዩዝና ባልደረቦቹ ጥናት፣ ይህ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 28 ሰዎች ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ ከአቅማቸው 30 በመቶ ክብደት እየገፉ ታስረው፣ ግማሾቹ 70 በመቶ ክብደት እየገፉ ሳይታሰሩ ለስምንት ሳምንታት ሠሩ። የጡንቻው መፋፋትና መጠንከር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆነ፤ የጉልበት ሕመምና እብጠት ግን በታሰሩት ላይ ይበልጥ ቀነሰ።

ከዚህም በላይ ለብዙ ሰው የሚደርሰው ውጤት የተገኘው በጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ወይም በኦስቲዮአርትራይተስ ላይ ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ በሽታ በአብዛኛው የሚያጠቃው እናቶችንና አያቶችን ነውና። ብራዚል ውስጥ ሳን ፓውሎ ላይ በ48 ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2018 የታተመ ጥናት ሦስት መንገዶችን ለ12 ሳምንታት አወዳደረ፦ በ80 በመቶ ከባድ ክብደት፣ በ30 በመቶ ቀላል ክብደት፣ በ30 በመቶ ቀላል ክብደት ከማሰሪያ ጋር። እግርን በመግፋት የተለካው ጥንካሬ ከባዱን በሠሩት 26 በመቶ፣ ታስረው በሠሩት 23 በመቶ ጨመረ። የጭን ጡንቻቸውም 8ና 7 በመቶ ፋፋ። ቀላሉን ያለ ማሰሪያ የሠሩት እምብዛም አልተለወጡም። ከባዱን ከጀመሩት መካከል አራት ሴቶች ግን በጉልበት ሕመም ምክንያት ከጥናቱ ወጥተዋል። ውጤቱ እኩል ነው ሲባል እነዚህን አራት ሴቶች መርሳት አይገባም።

ይህ ሁሉ ዘዴው ከባድ ክብደትን ይተካል ለማለት አያበቃም። በ2018 ማኖኤል ሊክሳንድራኦና ባልደረቦቹ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ጡንቻን በማፋፋት ረገድ ሁለቱ መንገዶች ተቀራራቢ መሆናቸውን፣ በጥንካሬ ረገድ ግን ከባዱ ክብደት እንደሚበልጥ አረጋግጠዋል። ምክንያቱ አይሰወርም፤ ጥንካሬ የጡንቻ ውፍረት ብቻ ሳይሆን ነርቭ ከባድ ነገርን መግፋት የመልመዱ ጉዳይም ስለሆነ፣ ከባድ ነገር ያልነካ ነርቭ አይለምደውም። ከባዱንም ማሰሪያውንም ደርቦ የተሻለ ውጤት አገኛለሁ ማለትም አላዋጣም። በአሜሪካ የሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2020 እንዳሳተሙት፣ ከጅማት ጥገና በኋላ በ70 በመቶ ክብደት ላይ ማሰሪያ መጨመሩ ምንም ተጨማሪ ጥቅም አልሰጠም። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል አንድሩና የማራቶን ሯጩ ጌለን ረፕ ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ሲዘጋጁ ታስረው መለማመዳቸው ብዙ ጤነኛ ወጣቶችን ወደ ማሰሪያው ስቧል። ጤነኛና ከባድ ክብደት መያዝ የሚችል ሰው ግን ከማሰሪያው የሚያገኘው ትርፍ ትንሽ ነው። ዘዴው በእውነት የሚጠቅመው ከባዱን መንገድ መሄድ የማይችለውን ነው።

አሠራሩ በጥሩ ሁኔታ የተጠና ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የዘርፉ ተመራማሪዎች በጋራ ባወጡት መመሪያ ላይ ተዘርዝሯል። በስፋት የተለመደው አንዱን እንቅስቃሴ 75 ጊዜ መሥራት ነው፤ መጀመሪያ 30 ጊዜ፣ ከዚያ 15 ጊዜ ሦስት ዙር። በዙሮቹ መካከል ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ይታረፋል፤ ማሰሪያው በዕረፍቱም አይፈታም። እንቅስቃሴው ተቀምጦ እግርን መዘርጋት፣ ቁጭ ብድግ ወይም ክብደት በእግር መግፋት ሊሆን ይችላል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል። ማሰሪያው የሚታሰረው ምን ጊዜም በጭን ላይኛው ጫፍ፣ ብሽሽት አጠገብ ነው፤ ጉልበት ላይ ወይም ባት ላይ አይታሰርም።

ዋናው ጉዳይ ግፊቱ ነው። ለሁሉም ሰው የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። ወፍራም ጭን ከቀጭን ጭን ይበልጥ ግፊት ይፈልጋል፤ ጠባብ ማሰሪያ ደሙን ለመገደብ ከሰፊው ይበልጥ መነፋት አለበት፤ የሰውየው የራሱ የደም ግፊትም ልዩነት ያመጣል። ስለዚህ ባለሙያው መጀመሪያ የሚያደርገው፣ ማሰሪያውን ቀስ በቀስ እየነፋ ከሥሩ የደም ቅዳው ምት የሚጠፋበትን ነጥብ መፈለግ ነው። ይህ የሚሰማው ዶፕለር በሚባለው የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ነው፤ አንዳንድ ዘመናዊ መሣሪያዎች ደግሞ ራሳቸው ይለኩታል። እነዚህ መሣሪያዎች የተገኙት ከቀዶ ሕክምና ክፍል ነው፤ ቫንኩቨር ውስጥ የሠራው ካናዳዊ መሐንዲስ ጄምስ ማኪዋን ለቀዶ ሕክምና የፈጠረው ራሱን በራሱ የሚቆጣጠር የደም ማቆሚያ ማሰሪያ የዚህ ቴክኖሎጂ መሠረት ነው። ነጥቡ ከታወቀ በኋላ እንቅስቃሴው የሚሠራው ከዚያ ግፊት ከ40 እስከ 80 በመቶ በሚሆነው ነው። በገበያ ላይ የሚሸጠው የሚለጠጥ ጨርቅ ወይም የቤት ውስጥ ፋሻ ይህን ለማወቅ አያስችልም። ማጥበቁን በስሜት መገመትም አያስተማምንም፤ ጥብቅ ሆኖ የተሰማው ምንም ላያግት፣ ለስለስ ያለ የመሰለውም ደም ቅዳውን ሊዘጋ ይችላል።

በሚገባ ሲያገግሙ ማሰሪያው ቦታውን ለክብደት ይለቃል። የተለመደው አካሄድ አልጋ ላይ ላለ ሰው እየታሰረና እየተፈታ ያለ እንቅስቃሴ መጀመር፣ ከዚያ ታስሮ መራመድ ወይም የማይንቀሳቀስ ብስክሌት መንዳት፣ ቀጥሎ ታስሮ ቀላል ክብደት መግፋት፣ በመጨረሻ መገጣጠሚያው ሲፈቅድ ቀስ በቀስ ወደ ከባዱ መሸጋገር ነው። መጨረሻው ላይ ሳይደርሱ በማሰሪያው መቆየት ጥንካሬን ከሚደርስበት በታች ያስቀራል።

ስለ አደጋው ብዙ ሰው ያካተተ መረጃ የመጣው ከጃፓን ነው። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በ105 ተቋማት ከ12,000 በላይ ተጠቃሚዎችን ተመልክቷል። ከቆዳ ሥር ደም መቋጠር በ13 በመቶ ገደማ፣ መደንዘዝ በ1.3 በመቶ፣ ማዞር በ0.3 በመቶ ታየ። በእግር ደም መልስ ውስጥ የደም መርጋት 0.055 በመቶ፣ ወደ ሳንባ የሄደ የረጋ ደምና የጡንቻ ሴሎች መፈራረስ እያንዳንዳቸው 0.008 በመቶ ነበሩ። የጡንቻ ሴሎች ሲፈራረሱ ይዘታቸው ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል፣ ለረጅም ጊዜ ሳይንቀሳቀስ የቆየ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሱን ማድከም የለበትም።

ሌላው የሚያሳስበው የደም ግፊት ነው። በ1937 መሐመድ ዓላምና ፍሬድሪክ ስመርክ ካይሮ ላይ ሲሠሩ እንዳሳዩት፣ ሥራ ላይ ያለ እጅ ወይም እግር ደሙ ሲታገድ የደም ግፊት ይጨምራል፤ እንቅስቃሴው ቢቆምም ደሙ እስኪለቀቅ ድረስ ግፊቱ አይወርድም። ጡንቻው ውስጥ የታገቱት ኬሚካሎች በነርቭ በኩል ልብን የሚያስጨንቅ መልእክት ስለሚልኩ ነው። ጤነኛ ልብ ይህን ይችለዋል። በሕክምና ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም የልብ ድካም ያለበት ግን ከሐኪም ፈቃድ ውጭ መጀመር የለበትም።

ቀድሞ ደም ረግቶበት የሚያውቅ፣ ነፍሰ ጡር፣ የእግር ደም ቅዳው የጠበበ፣ የሲክል ሴል ሕመም ያለበት፣ የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ጭኑ ላይ ያልዳነ ቁስል ወይም ኢንፌክሽን ያለበት ሰውም ለዚህ ዘዴ አይታጭም። የስኳር ሕመምተኛ በተለይ የእግሩ ስሜት የቀነሰ ከሆነ፣ ማሰሪያው ሲጎዳው ላይሰማው ይችላልና በጥንቃቄ ይታያል። በሥራው መካከል ጣቶች ቢነጡ ወይም ቢበርዱ፣ ከማቃጠል የተለየ የሚወጋ ሕመም ቢሰማ፣ ማሰሪያው ወዲያው ይፈታል። ከሥራው በኋላ ባሉት ሰዓታትም ሆነ ቀናት አንደኛው ባት ቢያብጥና ቢሞቅ፣ ወይም በድንገት ትንፋሽ ቢያጥርና ደረት ቢወጋ፣ ነገሩ የጡንቻ ድካም ነው ተብሎ አይታለፍም፤ ያ ሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መድረስ አለበት።